ከጃማይካ የመጡት ጎረቤቶቻችን

ክቡራን የሻሸመኔ ነዋሪዎች፣ ከከተማ አስተዳደሩ የመጣችሁ እንግዶች፣ ከካሪቢያን መጥታችሁ ከእኛ ጋር ያረጃችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አፄ ኃይለ ሥላሴን አምላክ ነው ብለው ስለሚያምኑት ስለ ራስተፈሪያን ጎረቤቶቻችን ሲወራ አንድ ነገር ይደጋገማል። "ኢትዮጵያ ገነት መስላቸው መጡ፤ ድህነቷን ሲያዩ ቅስማቸው ተሰበረ" ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እነዚህ ሰዎች ችግርን የተማሩት እዚህ አይደለም። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ጃማይካ ውስጥ ኮራል ጋርደንስ በሚባል ቦታ ግጭት ሲነሣ፣ ፖሊስ ራስተፈሪያንን በየሰፈሩ እያሳደደ አስሯል፣ ደብድቧል፣ ጸጉራቸውን በግድ ላጭቷል። ከዚያ የመጣ ሰው ቆርቆሮ ቤት አያስደነግጠውም።

ንጉሡ በ1940ዎቹ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ በውጭ ያሉ ጥቁሮች፣ እዚሁ አምስት ጋሻ፣ ማለትም ሁለት መቶ ሄክታር ገደማ፣ መሬት ሰጥተው ነበር። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ራሳቸው ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። ከዚያ በኋላ ወደ እኛ የሚመጣው ሰው በረከተ። መጥተው ቤት ሠሩ፣ አረሱ፣ ውሃ ቀዱ፣ በፋኖስ አመሹ።

ከዚያ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት 1967 ዓ.ም. መጣ። እስቲ በእነሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። አምላክ ነው ብላችሁ ያመናችሁበት፣ ለእሱ ስትሉ ባሕር የተሻገራችሁለት ሰው በቮልስዋገን ተጭኖ ሲወሰድ፣ መንገድ ላይ የቆመው ሕዝብ "ሌባ! ሌባ!" እያለ ይጮኻል። የሚጮኸው ደግሞ ወገኔ ብላችሁ የመጣችሁለት ሕዝብ ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አብዛኛው መሬት ተወሰደ። ብዙዎቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የቀሩት ጉዳይ ነው።

ልጅ ሆነን ሁላችንም እማማ የምንላቸው ጎረቤት ነበሩን። ፓስፖርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ለማሳደስ ገንዘብ የለም። ቪዛ የለም። አገር ለቅቄ ልውጣ ቢሉ የተጠራቀመ ቅጣት አለ። ልኑር ቢሉ ወረቀት የለም። ልጃቸው ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበር የሚማረው። ኦሮምኛውም አማርኛውም ከእኔ የተሻለ ነበር። እኛ መታወቂያ አውጥተን ሥራ ስንፈልግ እሱ ቤት ቀረ። ገበያ ሲሄዱ እማማ ዋጋው እጥፍ ይጠራባቸዋል፤ ሽንኩርት ሻጯ ሲኖሩ ሲያረጁ የምታያቸው የሰፈር ሰው ሆና ሳለ! አንድ ቀን "ደክሞኛል ልጄ፤ መራቡስ ይለመዳል" ሲሉኝ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

ኢትዮጵያን እናታችን ብለው ነው የመጡት። እኛ እንደ እንጀራ ልጅ አየናቸው። ፍቅራቸውን ያሟጠጠው ድህነታችን ሳይሆን ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2009 ዓ.ም. መንግሥት ያለ ቪዛ መኖርና መሥራት የሚያስችል መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ሲነገር ጃማይካ ሰፈር የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ትልቅ እርምጃ ነው፤ የደከሙበት ሁሉ ሊመሰገኑ ይገባል። ግን መታወቂያው የመኖሪያ ነው እንጂ የዜግነት አይደለም። አይመርጡበትም።

እዚህ የቀሩት ሰዎች ያችን በመዝሙር የሚያውቋትን ኢትዮጵያ ካጡ ቆይተዋል። አሁን የሚወዱት ይህችን መብራት የሚጠፋባትን፣ አቧራዋ የሚያስነጥሰውን ሻሸመኔን ነው። ትምህርት ቤት ከፍተው የእኛን ልጆች ያስተምራሉ። ከደረቀ የሙዝ ቅጠል፣ ቀለም ሳይነኩ፣ ቡኒውን ከቢጫው እያዋደዱ የሰው ፊት የሚሠሩ አሉ። ሄዳችሁ እዩት፤ የዐይን ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ከቅጠል ነው። ለእኔ ይኼኛው ፍቅር ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ አገሩን አውቆ የሚወድ ሰው ፍቅር ነውና።

ከአስተዳደሩ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የምጠይቃችሁ አዲስ ሕግ አይደለም። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ አንድ የውጭ ዜጋ አራት ዓመት ከኖረ፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን ከተናገረ፣ በቂ ሕጋዊ ገቢና መልካም ጠባይ ካለው ዜግነት መጠየቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። ሌሎች መስፈርቶችም አሉት። የእነዚህ ጎረቤቶቻችን ልጆች ዕድሜ ልካቸውን እዚህ ኖረዋል። ማመልከቻቸውን የሚቀበል፣ የጎደላቸውን የሚነግራቸው፣ ፋይላቸውን እስከ አዲስ አበባ የሚከታተል አንድ ሰው መድቡልን። እኛ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ምስክርነት በተጠየቅን ጊዜ ሁሉ እንቀርባለን።

አመሰግናለሁ።