የኮዲ ስኪን ስንሠራ፦ ከቀለሙ በፊት ሪሞቱ

ቤቲ፦ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ወሬያችን ስለ ኮዲ ስኪን ነው። ሄኖክ፣ ኮዲን ለማያውቁት ባጭሩ በል እስቲ።

ሄኖክ፦ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለሽን ፊልም፣ ሙዚቃ፣ ፎቶ ሰብስቦ ቲቪ ላይ አሳምሮ የሚያሳይሽ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የተወለደው በመጀመሪያው ኤክስቦክስ፣ ማለትም በማይክሮሶፍት የጌም ማሽን ላይ ነው። ስሙም ኤክስቦክስ ሚዲያ ሴንተር ነበር፤ ኮዲ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ቤቲ፦ ስኪኑስ?

ሄኖክ፦ ስክሪኑ ላይ የምታዪው ነገር ሁሉ። ሜኑው፣ የፖስተሮቹ አደራደር፣ ፊልሙን ፖዝ ስታደርጊ ከታች ብቅ የሚለው። አሁን አብሮት የሚመጣው ኤስቹዋሪ ይባላል። በ2017 በቨርዥን 17 ኮንፍሉዌንስ የሚባለውን ተክቶ ገባ።

ቤቲ፦ እኔ ኤስቹዋሪን እወደዋለሁ። ግን ሰው ስኪን ልሥራ ሲል መጀመሪያ የሚነካው ቀለሙን ነው አይደል? ጥቁር በወርቃማ፣ ምናምን።

ሄኖክ፦ የኔ ጠብ እዚያ ላይ ነው! ፎቶሾፕ ተከፍቶ የሚያምር ሆም ስክሪን ይሳላል። ከዚያ ወደ ኮዱ ሲገባ ነገሩ ይበላሻል። ስልክ ላይ ጣትሽን የፈለግሽበት ታሳርፊያለሽ። ቲቪ ላይ ግን ያለሽ አራት ቀስት፣ ኦኬ እና ባክ ነው። በቃ።

ቤቲ፦ ስለዚህ ዲዛይኑ የሚጀምረው ከሪሞቱ ነው።

ሄኖክ፦ አዎ። ስኪን ማለት በአብዛኛው የኤክስኤምኤል ፋይሎች ናቸው፤ ምን የት እንደሚቀመጥ በጽሑፍ የሚነገርባቸው። ለሆም አንድ ፋይል፣ ለቪዲዮ ዝርዝሩ አንድ፣ ለሴቲንግ ሌላ። ስክሪኑ ላይ ያለ እያንዳንዱ በተን ቁጥር አለው። ከዚያ ትነግሪዋለሽ፦ ወደ ላይ ሲጫኑ ወደ እዚህ ቁጥር ሂድ፣ ወደ ግራ ሲጫኑ ወደዚያኛው። ኦንአፕ፣ ኦንዳውን፣ ኦንሌፍት፣ ኦንራይት ይባላሉ።

ቤቲ፦ አንዱን ብረሳውስ?

ሄኖክ፦ ሪሞቱ እዚያ ጋ ይቆማል። የባሰው ደግሞ አለ። ቀስቱ የሚልክሽ በተን በዚያ ሰዓት የተደበቀ ከሆነ ስትጫኚ ስትጫኚ ምንም አይሆንም። ሰው ባትሪ ይቀይራል! ጥፋቱ ግን የስኪኑ ነው።

ቤቲ፦ ለምን ይደበቃል መጀመሪያ?

ሄኖክ፦ ምክንያቱም ነገሮች በሁኔታ ነው የሚታዩት። ለምሳሌ "አሁን የሚጫወተው" የሚል በተን ቪዲዮ ሲኖር ብቻ ይታይ ትያለሽ። ጎበዝ ነው፣ ስክሪኑን ያቀለዋል። ግን ከጎኑ ያሉት በተኖች እሱ በሌለበት የት እንደሚሄዱም መናገር አለብሽ። አንድ በተን ላይ ሁለት ኦንራይት ከነሁኔታቸው መጻፍ ይቻላል። ወይ ደግሞ በተኖቹን ግሩፕሊስት የሚባል፣ በተራ የሚደረድራቸው ነገር ውስጥ ትከቻቸዋለሽ፤ እሱ የተደበቀውን ራሱ ዘሎ ያልፋል። እኔ ለሜኑ ሁሌም እሱን ነው የምለው።

ቤቲ፦ ፎከስ የሚባለውስ? ያለሁበትን የሚያሳየው ማለቴ ነው።

ሄኖክ፦ ለእሱ እያንዳንዱ ዝርዝር ሁለት መልክ ይጠይቅሻል። አንዱ ፖስተሩ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ ሌላው ሲመረጥ። ብዙ ሰው ልዩነቱን በጣም ስስ ያደርገዋል፤ ትንሽ ፈካ ያለ ግራጫ። ሦስት ሜትር ርቆ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ያ ከምንም አይቆጠርም። አሥር ፐርሰንት አሳድጊው፣ ወፍራም ክፈፍ ስጪው። አትፍሪ!

ቤቲ፦ እሺ ወደ ቀለም እንምጣ፣ ይኸው ታግሼ ነበር።

ሄኖክ፦ አንድ ነገር ብቻ። ከዌብ ሥራ የሚመጡ ሰዎች እዚህ ይያዛሉ። ቀለም የሚጻፈው በቁጥርና በፊደል ኮድ ነው፤ ዌብ ላይ ስምንት አሃዝ ያለውን ስትጽፊ የግልጽነት ልኩ፣ ማለትም ከኋላው ያለው ምን ያህል እንደሚታይ የሚወስነው፣ መጨረሻ ላይ ነው። ኮዲ ላይ መጀመሪያ ላይ ነው። እና ስድስት ዜሮ ከዚያ ኤፍኤፍ ብለሽ ድፍን ጥቁር ጠብቀሽ፣ ኮዲ ጨርሶ የማይታይ ሰማያዊ ይሰጥሻል።

ቤቲ፦ የማይታይ ሰማያዊ! ጽሑፌ የት ገባ እያሉ መፈለግ ነው እንግዲህ።

ሄኖክ፦ ነገሩ ግን ይጠቅማል። ከፊልሙ ትልቅ ምስል ላይ ግማሽ ግልጽ ጥቁር ካነጠፍሽ፣ ማለትም በ80 የሚጀምር፣ ነጭ ጽሑፍ በማንኛውም ፊልም ላይ ይነበባል።

ቤቲ፦ አሁን እኔን የሚያሳስበኝ። አማርኛ ላድርገው ብልስ? ኮዲ ቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለ።

ሄኖክ፦ አለ፤ ያልተተረጎመው በእንግሊዝኛ ይመጣል። ስኪንሽ የራሱ ቃላት ካሉት ከ31000 እስከ 31999 ባለው ቁጥር ለብቻ ትተረጉሚያቸዋለሽ። ዋናው ጣጣ ግን ፎንቱ ነው። ስኪኑ የመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ሳጥን ሳጥን ሊያሳይሽ ይችላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ትጨምሪያለሽ። የእንግሊዝኛ ፊደልም አብሮት መኖሩን እዪ፣ የፊልሞቹ ስም በእንግሊዝኛ ነውና።

ቤቲ፦ መጠኑስ? ለእንግሊዝኛ የሚበቃው ለእኛ ፊደል የሚያንስ ይመስለኛል።

ሄኖክ፦ ያንሳል እንጂ። ሱ እና ሲን አስቢያቸው። ልዩነታቸው እግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት ናት፤ አንዷ መሃል ላይ፣ አንዷ ታች። ከሶፋው ስታዪ ቀጭን ፎንት ከሆነ ትጠፋለች። ስለዚህ "ላይት" የሚባለውን ተዪው፤ መደበኛውን ወስደሽ ከፍ አድርጊው።

ቤቲ፦ ሌላው፣ ስኪኖች ርዕሱን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉታል።

ሄኖክ፦ ይሄን ስላነሳሽ ደስ አለኝ። ብዙ ስኪን ርዕስን ከተራ ጽሑፍ የሚለየው በአፐርኬስ ነው። የእኛ ፊደል አፐርኬስ የለውም። ስኪኑ አማርኛ ላይ ሲገባ ርዕሱና ተራው እኩል ይሆናሉ፣ ገጹ ድብልቅልቁ ይወጣል። በመጠን ወይም በቀለም መለየት ነው።

ቤቲ፦ ጀማሪ ከየት ይነሳ? ከባዶ?

ሄኖክ፦ ኧረ በፍጹም! ኤስቹዋሪን ኮፒ አድርጊ። ግን የፎልደሩን ስምና አድኦን ዶት ኤክስኤምኤል በሚባለው ፋይል ውስጥ ያለውን መታወቂያ ቀይሪ፣ አለዚያ ሁለቱ ይጋጫሉ። ከኮዲ ጋር ተጭኖ በመጣው ኤስቹዋሪ ውስጥ ምስሎቹ በአንድ ፋይል ታሽገው ነው ያሉት፤ ለየብቻ ከፈለግሻቸው ጊትሃብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አሉ። ኮዲን ዝጊና ክፈቺ፣ አድኦኖች፣ ማለትም ኮዲ ላይ የሚጨመሩ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብተሽ ኢኔብል አድርጊው። በእጅ የገባ አድኦን ራሱ አይበራም።

ቤቲ፦ እና ትንሽ በቀየርኩ ቁጥር መዝጋት መክፈት ነው?

ሄኖክ፦ አይ። ሪሎድስኪን የሚባል ትዕዛዝ አለ። ኪቦርድሽ ላይ ኤፍ5ን ለእሱ ስጪው። ፋይሉን ሴቭ፣ ኤፍ5፣ ታያለሽ። ይሄን ሳያደርጉ ስኪን መሥራት ራስን መቅጣት ነው።

ቤቲ፦ ሠርቼ ለሰው ባካፍልስ? ኮፒ አድርጌው እኮ ነው።

ሄኖክ፦ ትችያለሽ። የመጀመሪያዎቹን ሠሪዎች ስም ትጠቅሻለሽ፣ ያንቺም በተመሳሳይ ፈቃድ ክፍት ይሆናል። ከመስጠትሽ በፊት ግን ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር የመሰለ ደካማ ዕቃ ላይ ሞክሪው። ላፕቶፕሽ ላይ የሚንሸራተተው አኒሜሽን እዚያ ሊንገዳገድ ይችላል። ትልልቅ ምስሎችን በአንዴ አትደርድሪ።

ቤቲ፦ አድማጮች፣ ሞክራችሁ ከተያዛችሁ ጻፉልን።

ሄኖክ፦ የቲቪውን ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ ግን! ኮዲ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ኮዲ ዶት ሎግ የሚባለውን ፋይል ላኩ። ኤክስኤምኤሉ የት መስመር ላይ እንደተበላሸ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጽፈዋል።