ነዳጅ ሲጨምር ትርፉ የት ይገባል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ሰዓታችን በነዳጅ ጥያቄ ብቻ አለቀ። የደወላችሁት አብዛኞቻችሁ አንድ ወይም ሁለት መኪና ይዛችሁ የምትሠሩ ናችሁ። የተደጋገሙትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። በአየር ላይ ጊዜ አጥሮኝ ያለፍኳቸውንም ዘርዘር አድርጌያቸዋለሁ።

አንድ የሚኒባስ ባለቤት፦ ነዳጅ በ20 ከመቶ ጨመረብኝ። እኔም ዋጋዬን በ20 ከመቶ ልጨምር ወይስ ዝም ብዬ ልቻለው?

ሁለቱም አያዋጣዎትም። እስቲ በቁጥር እንየው። 100 ሲያስገቡ 35ቱ ለነዳጅ ይውጣ እንበል። 50ው ለጎማ፣ ለዘይት፣ ለጥገና፣ ለሠራተኛ፣ ለኢንሹራንስና ለብድር ይሂድ። እጅዎ ላይ 15 ይቀራል። አሁን ነዳጁ በ20 ከመቶ ሲጨምር 35ቱ 42 ሆነ። የሚተርፍዎት 8 ብቻ ነው። ነዳጁ የጨመረው በአንድ አምስተኛ ነው፣ ትርፍዎ ግን በግማሽ ገደማ ወረደ። «ስባዝን እውላለሁ፣ ማታ ስቆጥረው ግን ምንም የለም» የምትሉት ለዚህ ነው።

የጎደለብዎት 7 ስለሆነ ታሪፉም መጨመር ያለበት በ7 ከመቶ ገደማ ነው። 20 ከመቶ ከጫኑበት ተሳፋሪው ወይ በእግሩ ይሄዳል ወይ ሌላ አማራጭ ይፈልጋል። ሰው ቀነሰ ብሎ ደግሞ ሞተሩ የሚጠጣውን ያን ያህል አይቀንስም። ታሪፉን እርስዎ የማይወስኑት ከሆነም ይህ ስሌት ይጠቅማል። በማኅበራችሁ በኩል ጥያቄ ስታቀርቡ «ነዳጅ ተወደደ» ከማለት ይልቅ ወረቀቱን ማሳየት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አይርሱ። 50 ያልነው ወጪም ባለበት አይቆይም። የሞተር ዘይትም ሆነ ጎማው ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ላስቲክ ከድፍድፍ ነዳጅ ነው የሚመጣው። ጭማሪው ዘግየት ብሎ እዚያም ይደርሳል። ስለዚህ ስሌቱን በየጊዜው ይከልሱት።

አንዲት የፒክአፕ ባለቤት፦ ከአንድ ሱቅ ጋር በቋሚ ዋጋ ዕቃ ለማመላለስ ተዋውያለሁ። አሁን እየከሰርኩ ነው። ውሉን ላፍርሰው?

እህቴ፣ ከማፍረስዎ በፊት ደንበኛዎን ያነጋግሩ። እሱም ቢሆን አዲስ መኪና ፍለጋ መንከራተት አይወድም። በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። ዛሬ ያለው የነዳጅ ዋጋ መነሻ ተብሎ ይጻፍ። ዋጋው ከመነሻው ለምሳሌ በ5 ከመቶ ሲርቅ የማመላለሻው ክፍያም በነዳጁ ድርሻ ልክ ይስተካከል። ሲወርድም እንዲቀንስ ይጻፍ። ደንበኛ እንዲህ ያለውን ነገር የሚቀበለው በሁለቱም በኩል ሲሠራ ነው።

ከዚያ በላይ ግን ያሳሰበኝ በመሃል የነገሩን ነው። ሁልጊዜ ባዶ ነው የሚመለሱት። መኪናዎ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ይፈጃል ብለን እንነሳ። ከ100ው 40ውን ባዶ ከሄዱ የ10ሩን ሊትር ዕዳ የሚሸከመው የተከፈለበት 60 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ለ100 የተከፈለበት ኪሎ ሜትር 16.7 ሊትር ያቃጥላሉ ማለት ነው። ባዶውን ወደ 25 ካወረዱት 13.3 ሊትር ይሆናል። ከመቶ 20 ቀነሰ። ማንም መካኒክ ሞተር ፈትቶ ይህን ያህል አያተርፍልዎትም። ለመመለሻው ርካሽም ቢሆን ጭነት ይያዙ፣ በመንገድዎ ላይ ያሉ ነጋዴዎችን አስቀድመው ያነጋግሩ።

መኪና ለሹፌር የሰጡ አድማጭ፦ በቀን ቁርጥ ያለ ገቢ ነው የሚያስገባልኝ። ነዳጅ የራሱ ነው። አሁን ቀንስልኝ ይለኛል። የነዳጁ ነገር እኔን ምን አገባኝ?

በጣም ያገባዎታል! ዛሬ አልተሰማዎትም እንጂ ሒሳቡ እየመጣ ነው። ነዳጁም ቁርጡም እሱ ላይ ሲወድቅ ሹፌሩ ምን ያደርጋል? ሰዓት ይጨምራል፣ ከልክ በላይ ይጭናል፣ እየተሽቀዳደመ ይነዳል። ዘይት የሚቀየርበት ቀን ይገፋል። ፍሪሲዮኑና ሞተሩ ሲሄዱ ከፋዩ እርስዎ ነዎት።

እኔ ብሆን ቁርጡን ትቼ ነዳጅ ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን በፐርሰንት እካፈል ነበር። ያኔ ነዳጅ መቆጠብ የሁለታችሁም ጉዳይ ይሆናል። ሊያጭበረብረኝ ይችላል ብለው ከሰጉ ፍጆታውን ራሱን ይለኩ። ታንኩን ጢም አድርገው ይሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ። በሚቀጥለውም ጢም ሲያደርጉ የገባውን ሊትር በተሄደው ኪሎ ሜትር አካፍለው በ100 ያባዙ። ይህን ጥቂት ጊዜ ከደጋገሙት የመኪናዎን ልክ ያውቁታል። ድንገት ከፍ ካለ ወይ መኪናው ታሟል ወይ አንድ ሰው ከታንኩ እየሰረቀ ነው።

ስሙን ያልነገረን ደዋይ፦ የዓለም ዋጋ ወረደ ሲባል እኛ ጋ ለምን አይወርድም?

ማደያ ላይ የምንከፍለው የድፍድፉን ዋጋ ብቻ አይደለም። የማጣሪያ፣ የማጓጓዣ፣ የግብር፣ የማከፋፈያ ወጪ አለበት። ነዳጅ ለሚያስገባ አገር ደግሞ የዶላር ምንዛሪም አለ። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የድፍድፍ ነዳጅ ውል (ነዳጁን ወደፊት ለመረከብ የሚገባ ውል) ዋጋ ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር። በነጻ የቀዳ ሹፌር ግን አልሰማንም። ኢኮኖሚስቶች ደግሞ ዋጋው ሲወጣ እንደ ሮኬት፣ ሲወርድ እንደ ላባ ነው ይላሉ። ናፍጣና ቤንዚንም እኩል አይሄዱም። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር በብዙ ቦታ ናፍጣ ከቤንዚን ብሶ ነበር የተወደደው።

የሦስት እግር ተሽከርካሪ ሹፌር፦ ርካሽ ነዳጅ በጄሪካን አገኛለሁ። ልጠቀም?

ተው ወንድሜ። ምን እንደተቀላቀለበት አታውቅም። ቤንዚን ውስጥ ላምባ ካለ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ናፍጣ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ማለስለሻውን ይቀንሳል፣ ፖምፓውን ይበላዋል። ለጥገናው በምታወጣው ገንዘብ ስንት ወር ጥሩ ነዳጅ ትቀዳ ነበር።

ሌላ ሹፌር፦ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ አድርጌ እወርዳለሁ። ይቆጥባል አይደል?

በአሮጌው ካርቡሬተር ዘመን ትንሽ ይቆጥብ ይሆናል። ነዳጁን ኮምፒውተር በሚመጥንላቸው፣ ኢንጀክሽን ባላቸው መኪናዎች ግን ማርሽ ገብቶ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል። ዜሮ ላይ ሲሆኑ ሞተሩ እንዳይጠፋ መቀለብ አለበት። በዚያ ላይ ፍሬንዎ ብቻውን ቀርቶ ይግላል። ቁጠባው ሌላ ቦታ ነው። ከ80 ወደ 100 ሲያፈጥኑ የአየሩ መከላከል ከግማሽ በላይ ይጨምራል። የጎማው አየር በ10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲጎድልም ነዳጁ 2 ከመቶ ገደማ ይከፋል፣ ያውም የጎማው ዕድሜ ሳይቆጠር።

የመጨረሻዋ ደዋይ፦ ኤሌክትሪክ ልግዛ?

መስመርዎ አጭርና የታወቀ ከሆነ፣ መኪናውም ማታ ማታ አንድ ቦታ የሚያድር ከሆነ አዎ፣ ያስቡበት። የኤሌክትሪክ ሞተር ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ጎማ ያደርሰዋል። የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን በሙቀት ያባክነዋል። ረጅም መንገድና ከባድ ጭነት ከሆነ ግን ገና አይቸኩሉ። ባትሪው ራሱ ክብደት ነው፣ ቻርጅ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ ገንዘብ አያስገባም። ለአንድ ወር በየቀኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄዱና መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚቆም ይመዝግቡ። ያንን ይዘው ይደውሉልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።