ነፍጡን ሰቅላችሁ ወረቀቷን ጣላችኋት

(አዳማ፣ በአድዋ በዓል ዋዜማ፣ በአንድ የታሪክ ክበብ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። ማይኩ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁ እጅ አውጡልኝ። እሺ፣ ጥሩ።

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ የክበቡ ልጆች። አስር ደቂቃ ተናገር ተብያለሁ። ጽፌ መጥቻለሁ፤ ግን አልዋሽም፣ አስር ደቂቃ አይበቃኝም። ከሰላሳ ዓመት በላይ የሰው መጽሐፍ ስጠርዝ ኖሬ የራሴን አራት ገጽ ሳላነብ አልወርድም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ፖስታ ቤት አካባቢ በነበረችው ጠባብ ሱቅ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን የጠረዝኩላችሁ እኔ ነኝ። አንዳንዶቻችሁ ቀሪ ሂሳብ አለባችሁ። ዛሬ በዓል ነው፣ አልጠይቅም።

ነገ የካቲት 23 ነው። ሰልፍ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ልጆች የካርቶን ጋሻ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። ደስ ይላል። እኔ የመጣሁት ግን ጣት ስለምታህል አንዲት ወረቀት፣ ስለ ድሮ የወረቀት ጥይት ላወራ ነው።

አያቴ የምንጃር ሰው ነበሩ። ጥጥ ይፈትላሉ። ልቃቂቱን የሚጀምሩባት አንዲት ቡናማ ነገር ነበረቻቸው። ክሩን በሷ ላይ ይጠመጥማሉ፣ ሸማኔው ዘንድ ሲሄድ ትመለሳለች፣ ሌላ ልቃቂት ይጀመርባታል። ልጅ ሆነን ስንነካት "ተዉ፣ የአባቴ ናት!" ይሉ ነበር። ሌላ ማብራሪያ የለም። ካረፉ በኋላ ለአንዱ ወንድሜ በሬ፣ ለሌላው ማሳ ደረሰው። ለእኔ አንድ ሙዳይ። ሁሉም ሳቀብኝ። ሙዳዩ ውስጥ አንድ ልቃቂት አለ፣ የልቃቂቱ እምብርት ላይ ያቺ ነገር።

ክሩን የፈታሁት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀን ላይ መፍታት አፈርኩ። እጄ ወረቀት መሆኑን ከዓይኔ በፊት አወቀ። የተጠቀለለ ወረቀት፣ ከመሃል ጣቴ ትንሽ ያጠረ። አንደኛው ጫፍ በክር ታንቋል፤ ሌላኛው ተቀዷል። ባሩዱ ድሮ ተንጠፍጥፎ አልቋል፣ የቀረው ጥላሸት ብቻ ነው። አረሩ ግን እዚያው ነበር፣ ነጭ ዱቄት ለብሶ። ልጆች፣ ያ ነጭ ነገር እርሳሱ ሲያረጅ የሚያወጣው መርዝ ነው። አያታችሁ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩ። ባሩዱ ያልፈሰሰ ከሆነማ ጭራሽ እንዳትከፍቱት፣ ለፖሊስ ንገሩ። ይህችን በቀልድ አልተናገርኩም።

ለካሁት። የአረሩ ውፍረት 14 ሚሊሜትር ከትንሽ። ሥሩ ጎድጓዳ ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ የእንጨት ውታፍ አለ። ኤንፊልድ የሚባለው፣ በአፈሙዙ የሚጎርሰው የድሮ የእንግሊዝ ጠመንጃ አረር እንዲህ ነው። ሲተኮስ ውታፉ ይገፋል፣ የአረሩ ሥር ይለጠጥና አፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸውን ጥምዝ ቦይ ይነክሳል። እየተሽከረከረ ይወጣል፣ ለዚህ ነው ሩቅ የሚመታው። በጣም የገረመኝ አረሩ በግልባጭ መቀመጡ ነው፤ ሹሉ ወደ ባሩዱ፣ ቂጡ ወደ ውጭ። ተሳስተው ነው እንዴ ብዬ ነበር። አልተሳሳቱም። ወታደሩ ጫፏን በጥርሱ ቀዶ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳል፣ ጥይቷን ይገለብጣል፣ አረሩን ከነወረቀቱ ያስገባል፣ የተረፈውን ቀድዶ ይጥላል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል። ወረቀቷ ስፍርም ናት፣ ዕቃም ናት፣ የአረሩ ልብስም ናት። ፈረንጆቹ ጥይትን የሚጠሩበት ስም ራሱ ከጣሊያንኛው ካርቶቾ የመጣ ነው፣ የወረቀት ጥቅልል ማለት። ካርታና ካርቶን የምንላቸውም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው።

በጥርስ አልኩ አይደል? በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የፊት ጥርስ የሌለው ሰው እግረኛ ወታደር ለመሆን አይመችም ይባል ነበር። እኔ ሁለቱ የላይኞቹ ወልቀዋል። ቢበዛ ስንቅ ተሸካሚ ነበርኩ።

የህንዱን ደግሞ ስሙ። እንደ ፈረንጆቹ በ1857 እንግሊዞች ለህንድ ወታደሮቻቸው ይቺኑ ጥይት አመጡ። ወረቀቱ አረሩ ዘንድ ቅባት አለው። የላምና የአሳማ ሞራ ነው የሚል ወሬ ወጣ። ሂንዱው በጥርሴ አልነካም አለ፣ ሙስሊሙም አልነካም አለ። አመፁ ሌላ ብዙ ምክንያት ነበረው፣ ክብሪቱ ግን ይቺ ወረቀት ናት። ጾምና ፍስክ ለይተን ለምናውቅ ለእኛ ይሄ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንደ ጠራዥ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ ጀርመንታውን በምትባል ከተማ አንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ አትሞ ነበር፣ እንደ ፈረንጆቹ የ1776 እትም። ያልተጠረዘው ወረቀት ተቆልሎ ጠራዥ ሲጠብቅ ጦርነቱ ደረሰበት። ለጥይትና ለጠመንጃ መወተፊያ አደረጉት። እስከ ዛሬ ያ እትም የመወተፊያ መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚባለው። ጠራዡ ቢቸኩል ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። የሙያ ነገር ነው፣ ይቅር በሉኝ።

እሺ። ከዚያ ልሥራት አልኩ። የሚተኮስ አይደለም፤ እኔ ጠራዥ እንጂ ጠመንጃ ሠሪ አይደለሁም። አካሏን ብቻ።

አናጢ ጎረቤቴ ከወይራ ዘንግ አሾለልኝ። መጀመሪያ የኮፒ ወረቀት ሞከርኩ። ጠቅልዬ እጄን ሳነሳ ፍርር ብሎ ይፈታል። ከዚያ ጋዜጣ፤ ቅባት ሲነካው እንደ እንጀራ ይረጥባል። ከዚያ የዳቦ ቤት ከረጢት። ሦስት ሳምንት። ባለቤቴ "ሰውዬው ሲጋራ መጠቅለል ጀመረ" ብላ ለእህቴ ደወለች። በመጨረሻ የገዛ ሙያዬን አስታወስኩ። የማሽን ወረቀት እንደ እንጨት ዘር አለው፣ ቃጫው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። በዘሩ ከጠቀለልከው ይታዘዛል፣ ከዘሩ ጋር ከተጣላህ ይፈታል። ሰላሳ ዓመት ለሽፋን የማውቀውን ነገር ለጥይት ረሳሁት! ወረቀቱን ሩብ ዙር አዞርኩት፣ ቀጥ ብሎ ተጠቀለለ።

በባሩዱ ቦታ ጥቁር አዝሙድ ጨመርኩ። ሳትጠጉት ካያችሁት ባሩድ ነው የሚመስለው። የኤንፊልድ ስፍር 4 ግራም ተኩል ያህል ነው፣ ስለዚህ ወርቅ ቤት ሄጄ መዝኑልኝ አልኩ። ልጁ አዝሙዱን አየ፣ እኔን አየ፣ "ጋሼ፣ ቅመም ተራ እኮ በዚያ በኩል ነው" አለኝ። መዘነልኝ ግን፣ ይባረክ። አረሩን ከጂፕሰም አፈሰስኩ። እርሳስ ማቅለጥ የልጅ ልጆች ባሉበት ቤት አይታሰብም። ክብደቱ ግን አልመጣም። እውነተኛው 34 ግራም ያህል ነው፣ የኔው ሩቡንም አይሞላ። የእንግሊዝ ወታደር 60 ጥይት ይዞ ይወጣ ነበር። አስቡት፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ወረቀት፣ ባሩድና እርሳስ።

ቅባቱ ላይ አዳማ አስተማረችኝ። የበግ ሞራ ቀብቼ ስድስቱን መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። ግንቦት ነው። በማግስቱ ሳይ ሞራው ቀልጦ ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል፣ ሁሉም የሳምቡሳ መጠቅለያ መስለዋል። ባሩድ ቢሆን ኖሮ በሞራ ታሽቶ ነበር። ከዚያ ከጧፍ የተረፈ ሰም አብዝቼ፣ ሞራውን በጣም ቀንሼ ቀባሁ። ቆመ። እንግሊዞቹም በኋላ ሰሙን አብዝተው ሞራውን ቀንሰዋል። ስለዚህ ነገር አንብቤ ነበር፣ የገባኝ ግን መስኮቱ ላይ ነው።

አሁን መቅደላ ሥር ያለውን፣ አሮጌ የሚባለውን ሜዳ አስቡ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ የስቅለት ዕለት። የቴዎድሮስ ሰዎች በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከመቅደላ ወረዱ። ጦርና በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘዋል። ዝናብ ዘንቧል። ከፊታቸው ያለው የእንግሊዝ ክፍለ ጦር ስናድር ይዟል። ስናድር ማለት ያው የወረቀቱ ኤንፊልድ ነው፤ ኋላው ተቆርጦ፣ ከኋላ እንዲጎርስ መዝጊያ የተገጠመለት። በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተኮሰውም እኛ ላይ ነው። አብረዋቸው ከነበሩት የህንድ ወታደሮች የሚጎርስ ጠመንጃ የያዙም ነበሩ። የሚጎርሰው በደቂቃ ሦስት ቢተኩስ ነው፣ ስናድሩ አስር ይደርሳል። ከእኛ ወደ 700 ሰው ወደቀ፣ ገብርዬም እዚያው ቀሩ። ከእነሱ ሃያ ያህል ቆሰሉ፣ ሁለቱ ሞቱ።

ይሄን ቁጥር ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን አንድ ቀን ጓሮዬ ውስጥ፣ ሰዓት ይዤ፣ የልጅ ልጄ ውኃ እየረጨችብኝ፣ የሠራኋትን ጥይት በጥርሴ ቀድጄ አዝሙዱን በውኃ ቱቦ አፍ ለማፍሰስ ሞከርኩ። አንድ ደቂቃ አለቀ፣ አንዷን አልጨረስኩም። ግማሹ አዝሙድ ጺሜ ላይ ነው። አፌ ድፎ ዳቦ ድፎ ዳቦ ይላል። የልጅ ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሦስት የሚለው ቁጥር ያን ዕለት ነው ሰው የሆነልኝ።

እንግዲህ ወደመጣሁበት ጉዳይ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ለአድዋ ኤግዚቢሽን ዕቃ አበድሩን አለ። ሰው ጠመንጃ አመጣ፣ ጋሻ አመጣ፣ ጎራዴ አመጣ። እኔ የአያቴን አመጣሁ። የሠራኋትን ሳይሆን የአያቴን። ጅል ነኝ። ጠመንጃዎቹን በሽቦ ሰቀሏቸው፣ ሥራቸው ስምና ቁጥር ለጠፉ፣ ጥበቃ አቆሙ። የኔዋን ከአንዱ ሰደፍ ሥር አስቀመጧት። ጽሑፍ የለ፣ ቁጥር የለ። "ጋሼ፣ ፊርማ አያስፈልግም፣ እንተዋወቃለን" አሉኝ። እንተዋወቃለን!

በዓሉ አለቀ። ጠመንጃዎቹ በፊርማ ተመለሱ። ወረቀቴስ? ስል ዞር ዞር አሉ። በመጨረሻ አንዱ "ሲጸዳ ከሻይ ኩባያዎቹ ጋር ሄዳ ይሆናል" አለኝ። የጽዳት እህቶቼን አልወቅስም፤ ጽሑፍ የሌለው የተቀደደ ወረቀት መሬት ላይ ቢያዩ ምን ያድርጉ? ኃላፊው ግን ምን አለኝ መሰላችሁ? "አንድ ወረቀት እኮ ናት ጋሼ። እርስዎ ጎበዝ ነዎት፣ ሌላ ይሠሩልናል።"

ሌላ ይሠሩልናል! አያቴ ስልሳ ዓመት የጠበቋትን፣ በሬና ማሳ ትቼ የወረስኳትን! ያቺ ወረቀት በጥይትነቷ ባሩዷን ጣለች እንጂ አልጠፋችም። ልቃቂት ሆና ኖረች። ሽፍታ፣ እሳት፣ ምስጥ አልፏታል። ያላለፋት ኤግዚቢሽን ነው። ኧረ አታጨብጭቡ፣ ገና አልጨረስኩም!

ሰውዬው ያልገባው ነገር አለ። አስራ ሁለት ሠርቻለሁ። አስራ ሁለተኛዋን ሳስር ነው ስለ ክሩ ማሰብ የጀመርኩት። ጫፏን ያነቀው ክር በማሽን የተፈተለ ነበር ወይስ በእንዝርት? በማሽን ከሆነ የፋብሪካው ነው፣ ከባሕር ማዶ ታስራ መጥታለች። በእንዝርት ከሆነ እዚህ አገር አንድ ሰው ፈታት፣ ወይም ላልቶ እንደገና አሰረው። ምናልባት የአያቴ አባት። ምናልባት አያቴ ራሳቸው። አጉሊ መነጽር ይዤ አምስት ደቂቃ ባያት ይለይ ነበር። ስሠራ ነው የሚጠየቀው ነገር የሚገባኝ። መልሱን የምትሰጠው ግን እሷ ነበረች። ስሄድ የለችም።

የቀረውን ቶሎ ልበል፣ ሰብሳቢያችን ሰዓት እያየች ነው።

አድዋ ላይ ወረቀቱ ቀርቶ ነበር፣ ጥይቱ የናስ ቀለህ ሆኗል የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ግን በግማሽ። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ አረሩ ስስ ወረቀት የተጠቀለለበት ነበር፣ እርሳሱ አፈሙዙን እንዳያቆሽሸው። ወረቀት አድዋ ዘምቷል። የዚያው ውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሠርቷል፤ ይሄም ራሱን የቻለ ንግግር ነው። 

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ክበቡ አንድ መዝገብ ይግዛ፣ የተበደረ ሁሉ ይጻፍበት፣ ሚስማርም ቢሆን። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ከአያቶቻችሁ ሳጥን የተቀደደ ነገር ስታወጡ ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱልኝና ላኩልኝ።

እዚያ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት፣ ዘንግ፣ ሰምና ክር አለ። አስራ ሁለቱም እዚያው ናቸው፣ መንካት ይቻላል። የእነሱን ክር በግምት ነው ያሰርኩት፣ ስለዚህ ያን ክፍል አትመኑኝ። መጠቅለል የምትፈልጉ ኑ። ወረቀቱን መጀመሪያ ሩብ ዙር አዙሩት። አዝሙዱንም አታፍስሱብኝ፣ ነገ ለበዓሉ ዳቦ ባለቤቴ ትፈልገዋለች።