ሲቪል የለበሰ ፖሊስ፣ የተላከ ጥቅልና የጫት ክስ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለሚኖሩ አድማጮች በቀረበው የሕግ ክፍል አንድ የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ የመለሷቸው ጥያቄዎች።

ጥያቄ፦ ዕፅ ሊገዛ የመጣውን ሰው «ፖሊስ ነህ ወይ?» ብዬ ብጠይቀው እውነቱን የመናገር ግዴታ አለበት ይባላል። እውነት ነው?

ውሸት ነው። «አይደለሁም» ብሎ ቢምልም ክሱ አይፈርስም። ይህ ወሬ ስንት ልጅ አሳስሯል፤ እባካችሁ ተዉት።

ጥያቄ፦ ገንዘብ አልተቀበልኩም፤ ለወዳጄ እንዲሁ ነው የሰጠሁት። ሽያጭ ይባላል?

ወንድሜ፣ በፌዴራል ሕግ ክሱ «ማከፋፈል» ነው። ከእጅ ወደ እጅ ማለፉ ይበቃል፤ ገንዘብ አያስፈልግም። ዐቃቤ ሕጉ ማስረዳት ያለበት መስጠትህን፣ የሰጠኸው ነገር ሕግ የከለከለው ዕፅ መሆኑን፣ አንተም ይህን ማወቅህን ነው። መስጠትህን ቪዲዮው፣ ዕፁን ላቦራቶሪው ያስረዳለታል። ማወቅህን ግን ብዙ ጊዜ የሚያስረዳለት የራስህ አፍ ነው። ስለዚህ ዛሬም እደግመዋለሁ፦ ከተያዛችሁ «ጠበቃ እፈልጋለሁ፤ እስኪመጣ አልናገርም» በሉ፣ ከዚያ ዝም በሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለጠቋሚ ሸጠሃል ተብሎ ተከሷል። ከጠቋሚው ቃል ሌላ ምን ማስረጃ ይኖራቸዋል?

በደንቡ የተሠራ ከሆነ ጠቋሚው ከመሄዱ በፊት ኪሱም መኪናውም ይፈተሻል። የሚሰጡት ዶላሮች መለያ ቁጥር አስቀድሞ ይመዘገባል። ድምፅ መቅረጫ ይይዛል፣ ፖሊሶችም ከሩቅ ይከተሉታል። ሲመለስ ዕቃውን አስረክቦ እንደገና ይፈተሻል፤ ዕቃው ታሽጎ፣ ቀንና ፊርማ ተጽፎበት ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ጠበቃው የሚፈልገው ከዚህ ሰንሰለት የጎደለውን ነው። ጠቋሚው አስቀድሞ ካልተፈተሸ ዕቃው ከራሱ ኪስ አለመውጣቱ በምን ይታወቃል? ፖሊሱ ያየው በር ሲገባ ብቻ ከሆነና ቤት ውስጥ አራት ሰው ከነበረ ማን ነው የሰጠው? ጠቋሚው ተከፍሎት ወይም የራሱ ክስ እንዲቀልለት የሚሠራ ከሆነም ዐቃቤ ሕጉ ለተከሳሹ ማሳወቅ አለበት።

የተቀረጸው በአማርኛ ከሆነ የፖሊስን ትርጉም ብቻ እንዳትቀበሉ፤ ድምፁን ሌላ አስተርጓሚ ይስማው። መንገድ ላይ በጠብታ የሚደረገው የቀለም ምርመራ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሌላ ነገርም ቀለሙን ሊያመጣ ይችላል። የላቦራቶሪው ወረቀት ቢቀርብ እንኳ የመረመረው ባለሙያ ችሎት ቀርቦ እንዲጠየቅ የማድረግ መብት አላችሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወስኖታል።

ጥያቄ፦ ዕፁ የተገኘው በጓደኛዬ መኪና ውስጥ ነው። እኔ ምን አገባኝ?

መታሰርና መፈረድ ይለያያሉ። ከሜሪላንድ በሄደ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003፣ ኮኬይን መኪና ውስጥ ተገኝቶ ማንም «የእኔ ነው» ባላለበት ሦስቱንም ሰዎች ማሰር ይቻል ነበር ብሏል። ለመፍረድ ግን ዕፁ እዚያ መኖሩን ማወቅህና ልታዝበት መቻልህ መረጋገጥ አለበት፤ አጠገቡ መቀመጥ አይበቃም። ግን ለፖሊሱ «የእሱ ነው፣ ሲያስቀምጠው አይቻለሁ» ካልክ ማወቅህን ራስህ ነገርከው።

ጥያቄ፦ የሰፈሬ ልጅ ከአዲስ አበባ የሚላክለት ጥቅል በእኔ አድራሻ እንዲመጣለት ለመነኝ። ሻይ ቅጠል ነው ይላል። ችግር አለው?

እህቴ፣ እንዳትቀበዪ። ይሉኝታ የያዘሽ ከሆነም ልጁ ቅር ይበለው።

ጉምሩክ ከውጭ የሚመጣ ጥቅል ለመክፈት የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አያስፈልገውም። ሄና ወይም ሻይ ቅጠል ተብሎ የሚላክ የደረቀ ጫት ለእነሱ አዲስ አይደለም። ሲያገኙት ሁልጊዜ ወርሰው ዝም አይሉም። አብዛኛውን አውጥተው ጥቂት ይተዋሉ፣ ሲከፈት ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ይከቱበትና መልሰው ያሽጉታል። ከዳኛም ጥቅሉ ቤት ሲገባ የሚጸና የመፈተሻ ትዕዛዝ ይዘው ይመጣሉ፤ ይህ ሕጋዊ መሆኑ በ2006 ተወስኗል። በርሽን የሚያንኳኳው የፖስተኛ ልብስ የለበሰ መርማሪ ነው። ጥቅሉን ስትከፍቺ ቤትሽ በፖሊስ ይሞላል።

መቀበልሽ ብቻውን ማወቅሽን አያስረዳም፤ ስለዚህ ሌላውን ይለቅማሉ። በማታውቂው ስም የመጣ ጥቅል መቀበልሽን፣ የመከታተያ ቁጥሩን በስልክሽ ደጋግመሽ ማየትሽን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ መክተትሽን፣ «ደረሰ» ብለሽ መጻፍሽን፣ ለድካምሽ የተላከልሽን ዶላር ይደምራሉ። ጠርጥረሽ ሆን ብለሽ ሳትጠይቂ ብትቀሪም ጁሪው (ፍርዱን የሚሰጠው የተራ ዜጎች ቡድን) እንዳወቅሽ ሊቆጥርሽ ይችላል።

በጫት ላይ ግን እውነተኛ መከላከያ አለ። የፌዴራሉ ዝርዝር ጫትን በስም አይጠራም፤ የከለከለው ውስጡ ያለውን ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው፤ ከ1993 ጀምሮ በአንደኛው መደብ፣ ማለትም በጣም ጥብቅ በሆነው የዕፆች ምድብ ውስጥ ነው። በ2005 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ተከሳሹ ጫት የተከለከለ ነገር እንዳለበት ማወቁ አልተረጋገጠም ብሎ ፍርዱን ሽሯል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2015፣ በሌላ ዕፅ ጉዳይ፣ ማወቅ የግድ መረጋገጥ አለበት ብሏል። አንዳንድ ስቴቶች ግን ተክሉን ራሱን በስም ከልክለዋል።

ይህን መከላከያ የሚገድለው ወጥ ቤት ውስጥ የሚደረግ የአምስት ደቂቃ ጨዋታ ነው። መርማሪው በትሕትና «ለምን ደበቅሽው?» ይላል፤ እኛ ደግሞ ቤታችን የገባን ሰው ዝም ማለት ነውር ነው ብለን ያደግን ነን። «እዚህ እንደማይፈቀድ አውቃለሁ፣ ግን የሰው ነው» ትያለሽ። የጎደለው ማስረጃ ይኸው ሞላ። ለመርማሪ ዝም ማለት ነውር አይደለም፣ መብት ነው። ጠበቃ እፈልጋለሁ በይ።

የማታውቂው ጥቅል ከመጣ ለፖስተኛው «አልቀበልም» በዪ። ቤት ከገባ ሳትከፍቺ፣ ሳትጥዪ፣ ለማንም ሳትሰጪ ጠበቃ ጋ ደውዪ። ከአገር ቤት ስትመለሱም እንዲሁ ነው፦ ራሳችሁ ያላሸጋችሁትን በርበሬ እንኳ አትያዙ።

ጥያቄ፦ ጫቱ ከደረቀ ካቲኖኑ ይጠፋል፣ ክሱም ይወድቃል?

አትተማመኑበት። ካቲኖን ጫቱ ከተቆረጠ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ካቲን እየተለወጠ ይቀንሳል፤ ካቲን ግን እሱም በአራተኛው መደብ ያለ ዕፅ ነው። በደረቀ ጫት ውስጥም ካቲኖን ይገኛል። ጠበቃችሁ የሚጠይቀው መቼ እንደተያዘ፣ በምን ሁኔታ እንደተቀመጠና መቼ እንደተመረመረ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄን ጠቋሚው ለሳምንታት ለምኖ ነው ያሳሳተው። ወጥመድ አይደለም?

ሊሆን ይችላል። ጥያቄው መንግሥት ገፋፍቶታል ወይ፣ ልጁስ ከዚያ በፊት ዝንባሌ ነበረው ወይ የሚለው ነው። በመጀመሪያው ቀን «አለኝ» ብሎ ላቀረበ ሰው አይሠራም። በ1958 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድ የሻረለት ሰው ጠቋሚውን ያገኘው ለሱስ በሚታከምበት ሐኪም ዘንድ ነበር፤ ታምሜያለሁ እያለ ደጋግሞ ሲለምነው ነው የተሸነፈው። የስልክ መልእክቶቹን አንድም አታጥፉ፤ ለጠበቃው አሳዩ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ማሪዋና ፈቅዷል። ግሪን ካርድ ላለው ሰውስ?

ፌዴራሉ አልፈቀደም፤ ኢሚግሬሽን ደግሞ የሚከተለው የፌዴራሉን ሕግ ነው። ዜጋ እስክትሆኑ አትንኩት።

ጥያቄ፦ ልጄ ግሪን ካርድ አለው። ጥፋተኛ ነኝ ካለ እስር የለም፣ በገደብ ይለቀቃል ተባልን። ይፈርም?

እናቴ፣ ዛሬ እንዳይፈርም። ስቴቱ በኋላ መዝገቡን ቢዘጋው እንኳ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ዳኛው ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት ኢሚግሬሽን እንደተፈረደበት ይቆጥረዋል። ዕፅ መያዝ ብቻውን ከአገር ሊያስወጣው ይችላል፤ ነፃ የሚሆነው ለራሱ የያዘው እስከ 30 ግራም ማሪዋና ነው፣ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ። ማከፋፈል ከሆነ በጣም ይከብዳል። ከ2010 ውሳኔ ወዲህ የወንጀል ጠበቃው ይህን የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ «ቢፈርም ምን ይደርስበታል?» ብላችሁ ጠይቁት። የክሱን ወረቀትና የቀረበለትን ስምምነት ይዞ፣ ከቀጠሮው በፊት፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ይሂድ። አቅም ከሌላችሁ ፐብሊክ ዲፌንደሩ (መንግሥት በነፃ የሚያቆመው ጠበቃ) ይህን እንዲያጣራላችሁ ጠይቁት። ወረቀቱን ሳላይ በስልክ ከዚህ በላይ ብልዎ ልጅዎን እበድላለሁ።