ልብ ሥራ የሚጀምረው ተሠርቶ ሳያልቅ ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላጫውታችሁ የፈለግሁት ልብ በእናት ማኅፀን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ከአካላችን ሁሉ ቀድሞ ሥራ የሚጀምረው ልብ ነው። ከፅንሰት በኋላ በ22ኛው ቀን ገደማ መምታት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሽሉ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የእናቲቱ የወር አበባ ከቀረ ሳምንት ገደማ ሆኖታል፤ ብዙዎቹ እናቶች ገና አልጠረጠሩም። የሚመታውም ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ተጋጥመው የሆኑት አንድ ቱቦ ነው። ቦታውም ደረት ላይ አይደለም፤ ከአንጎሉ መነሻ ፊት፣ ከራስ በኩል ነው የሚበቅለው። ሽሉ ወደ ፊት ሲታጠፍ ልብም አብሮ ወደ ደረት ይወርዳል።

ከዚያ ቱቦው ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ በታች የነበረው ክፍል ወደ ላይና ወደ ኋላ ይወጣል። ቀጥሎ ግድግዳዎቹ ይነሣሉ፤ ቀኝና ግራው ይለያል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልብ ለአንድ አፍታም ሥራውን አያቆምም። ሰው እየኖረበት እንደሚገነባ ቤት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ነገር ነው። መጀመሪያ አንድ ነው፤ ኋላ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ሳንባ፣ ሌላው ወደ መላው አካል ይሄዳል። ለመክፈል ከሚያግዙት ሕዋሳት ብዙዎቹ ከልብ የተገኙ አይደሉም። ከጀርባ፣ ከኅብለ ሰረሰር መነሻ አካባቢ ተነሥተው ተጉዘው የሚደርሱ ናቸው። የፊታችን አጥንትም በአብዛኛው ከእነዚሁ ሕዋሳት ወገን ነው። ጉዞው ከተሰናከለ ቧንቧው ሳይከፈል ሊቀር ይችላል።

ይህን ሁሉ የማነሣው በአንዲት እናት ምክንያት ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል አለ። በዚያ አካባቢ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ተቀመጥን። ሕፃኑን በነጠላ አቅፋዋለች፤ ካርዱን በእጇ አጣጥፋ አጣጥፋ ጠርዙ ተበልቷል። «እኅቴ፣ እርግዝናዬ አራተኛ ወር ላይ እንስራ ተሸክሜ ወድቄ ነበር። ልቡን የቀደድሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

የልብ ግድግዳዎች የሚሠሩት ከፅንሰት እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በአራተኛው ወር ሥራው አልቋል። መውደቋ በልጇ ልብ ግድግዳ ላይ ያለውን ቀዳዳ ሊያመጣ አይችልም። ይህን ነገርኋት፤ ዝም ብላ ሰማችኝ፤ አልቅሳም ነበር። ከዚያ ወጥቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስሄድ ተናድጄ ነበር፤ ይህን ሸክም ያሸከማት ማን ነው? ጎረቤት፣ አማት፣ ወይስ የሁላችንም ወሬ?

ከ100 ሕፃናት አንድ የሚጠጋው ከልብ ችግር ጋር ይወለዳል። በአብዛኛው ምክንያቱ ይህ ነው ተብሎ አይታወቅም። ከሚታወቁት መካከል በእርግዝና መጀመሪያ የሚይዝ ሩቤላ የሚባል የቫይረስ በሽታ፣ ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታና አንዳንድ መድኃኒቶች አሉ። ስኳር ያለባት ሴት ሐኪሟን ማማከር ያለባት ከማርገዟ በፊት ነው፤ ማርገዟን እስክታውቅ ልብ ሥራውን ጀምሯል።

አንድ ቀዳዳ ደግሞ ሁላችንም ይዘን ተወልደናል። የፅንስ ሳንባ በፈሳሽ የተሞላ ስለሆነ ደም ከላይኛው ቀኝ ክፍል ወደ ግራ የሚሻገርበት በር ይተውለታል። ሕፃኑ ተወልዶ ሲተነፍስ የግራው ግፊት ይጨምርና በሩ ይገጥማል። ከአራት አዋቂዎች አንዱ ላይ ግን ፈጽሞ አይታሸግም፤ ብዙዎቹም ሳያውቁት ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ።

ሕፃን ሲጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ ቶሎ የሚደክመው፣ ክብደት አልጨምር ያለው፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ልቡንም በማዳመጫ እንዲያዩት ጠይቁ።