ስፌቱን አትደብቁት

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ሠልጣኞች፤

አዘጋጆቹ ስለ ሙያችን፣ የሳተላይት ምስሎችን እየሰፉ የምድርን ምስል ስለመሥራት፣ የወደፊት ጉዞ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ትንሽ እላለሁ። መጀመሪያ ግን ለዓመታት ውስጤ የከረመ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

እ.ኤ.አ. በ1972 የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች ያነሷትን ሰማያዊ ምድር ሁላችንም እናውቃታለን። እሷ አንድ ፎቶ ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 ናሳ ያወጣት ምድር ግን ሌላ ናት። ቴራ የተባለችው ሳተላይት 705 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና መላዋን ምድር በአንዴ ማየት አትችልም። 2,330 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ሰቅ እየቆረጠች ነው የምታየው። የወራት ምስል ተሰበሰበ፣ ደመናው ተለቅሞ ወጣ፣ የብሱ ተሰፋ። የምታዩት ደመና ለብቻው ተሠርቶ በላዩ የተደረበ ነው። ሠሪዎቹ አልደበቁም፤ እንዴት እንደሠሩት በግልጽ ጽፈዋል። ስንቱ ሰው ግን እስከ ዛሬ አንድ ፎቶ ይመስለዋል!

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ሐይቅ ነበር። ደመና እያስቸገረኝ ግማሹን ከደረቁ ወቅት፣ ግማሹን ከዝናብ በኋላ ከተነሳ ምስል ወሰድኩ። ስፌቱ ሐይቁን ለሁለት ከፈለው። በግራ በኩል ውሃው ሸሽቶ የደረቀው ጭቃ ነጭ ሆኖ ይታያል። በቀኝ ውሃው ሣሩ ድረስ ሞልቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ቀለሙን አመሳሰልኩ፣ ጠርዙን አደበዘዝኩ። ስፌቱ ጠፋ። ያየው ሁሉ “እጅህ ይባረክ” አለኝ። ከሥሩ “ከሁለት ወቅት ምስሎች የተቀናበረ” ብዬ ቀናቱን ጻፍኩ። ምስሉን የወሰደው ድርጅት ያቺን መስመር ቆርጦ ጣላት። “ውበቱን ታበላሻለች” አሉኝ። ቆይቶ አንድ ሰው በዚያው ምስል የሐይቁን ስፋት ሊለካ ተነሳ። በየትኛውም ቀን ያልነበረን ሐይቅ! ስሰማ ክው አልኩ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አንዲት መስመር ጽሑፍ የምታበላሸው ምን ዓይነት ውበት ነው? ደመና ማውጣት ውሸት አይደለም። ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ለእያንዳንዷ የምስሉ ነጥብ፣ በወራቱ ውስጥ የተመዘገበውን የብርሃን መጠን ከትንሹ እስከ ትልቁ ደርድረን መካከለኛውን እንወስዳለን። የሚያበራው ደመና በአንዱ ጫፍ፣ የጨለመው ጥላ በሌላው ጫፍ ይቀራል። ድንቅ ሥራ ነው፤ እኮራበታለሁ። ውሸት የሚሆነው ይህን ሁሉ ሠርተን “ምድር ዛሬ ይህን ትመስላለች” ያልን ቀን ነው!

ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ባነሱት ምስል ላይ የሚበር አውሮፕላን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ አውሮፕላን ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ሆኖ ጎን ለጎን ይታያል። ባንዶቹ፣ ማለትም የየቀለሙ ምስሎች፣ እኩል በአንድ ጊዜ ስለማይነሱ ነው፤ በመካከላቸው ባለችው ቅጽበት አውሮፕላኑ ቦታ ቀይሯል። ብዙዎቻችን እንደ ጉድፍ እናጠፋዋለን። እኔ ግን አንዱ ምስል እንኳ የአንድ ቅጽበት እንዳልሆነ እንዲያይ፣ ለጀማሪ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

ስለ ወደፊቱ፦ ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የምስል ማኅደር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነፃ ተከፍቷል። ዛሬ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ምድርን መስፋት ይችላል። ደስ ይላል። ቀን ያልተጻፈበት ምስልም አብሮ በዝቷል።

ከምሳ በኋላ ሥራችሁን ታቀርባላችሁ። ቀናቱን ከምስሉ ሥር ያልጻፈ ካለ፣ አሁኑኑ ሄዶ ይጻፍ።

አመሰግናለሁ።