ባዶ ሰነድ

(በድጋፍ ሰጪ ቴክኖሎጂ ላይ በተካሄደ የጥናት ጉባኤ መክፈቻ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን አደራችሁ።

ንግግሬን የጻፍኩት በብሬይል ነው፤ የማነበውም በጣቴ። ስለዚህ እንደ አምናው መብራት ቢሄድ እናንተ ታጉረመርማላችሁ እንጂ እኔ አልቆምም። አምና ተናጋሪያችን ጄኔሬተር እስኪነሳ ወረቀታቸውን ይዘው በጨለማ ሲቆሙ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያችን ግማሽ ሰዓት እወዳታለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ለማስተማር የሚያግዙ ቴክኖሎጂዎች፦ የጥናት አቅጣጫዎች» ይላል። አቅጣጫዎቹ አራት ይሁኑ ተብያለሁ። አራቱንም አዘጋጅቻለሁ። ግን ሳልደብቃችሁ፣ ከቤቴ የወጣሁት ለአንዱ ነው።

ባለፈው ክረምት ለዚህ ቀን ልዘጋጅ ብዬ ስለ ዓይነ ስውራን ተማሪዎችና ስለ ቴክኖሎጂ አጠቃቀማቸው የተሠሩ የማስተርስ ጥናቶችን ሰበሰብኩ። ስድስት አገኘሁ። ሁለቱ ውስጥ እኔም አለሁ፤ ተማሪ ሳለሁ መጠይቃቸውን የሞላሁ ሰው ነኝ። ምን ብዬ ነበር? ምን አሉልኝ? ብዬ ጓጉቼ የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ኮምፒውተሬ በዚያ በማይሞቅ በማይበርድ ድምፁ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ባዶ ሰነድ» አለኝ። ሁለተኛውን ከፈትኩ። ባዶ ሰነድ። ከስድስቱ አምስቱ ባዶ ነበሩ።

ባዶ አይደሉም እኮ። ተማሪው በኮምፒውተር ጽፎታል። ከዚያ አተመው፤ አማካሪው ፈረሙ፤ ፈታኞቹ ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታበት። ከዚያ ከፊርማው ገጽ ጋር ሙሉውን ስካን አድርገው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ቋት አስገቡት። ዓይን ላለው ሰው ገጹ ያው ገጽ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ፎቶ ነው፤ የምዕራፍ ሁለት ፎቶና የበግ ፎቶ ለእሱ ልዩነት የላቸውም። አንድ ቀን ሲነበብ የነበረ ጽሑፍ፣ ማኅተም ሲመታበት ሞተ ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። እኔን ጠይቀው፣ እኔን ቆጥረው፣ «ምላሽ ሰጪ 14» ብለው ስም አውጥተውልኝ፣ በእኔ ጉዳይ ጋዋን ለብሰው ተመረቁ። የመደምደሚያቸው ምዕራፍ ደግሞ፣ በኋላ እንደተነበበልኝ፣ «ዩኒቨርሲቲዎች ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ተደራሽ ጽሑፍ ሊያዘጋጁ ይገባል» ይላል። ይህን የሚለው ጽሑፍ ራሱ አይነበብም! ማን ያንብበው ተብሎ ነው የተጻፈው?

ነገሩ ለእኔ አዲስ አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም ይቆየንና፣ አንድ መምህራችን የኮርሱን ሞጁል በፍላሽ ሰጡን። ደግ ሰው ነበሩ፤ «ለአንተ ሶፍት ኮፒው ይሻልሃል» ብለው ከሁሉ በፊት ለእኔ ነው የሰጡኝ። ወደ ሪሶርስ ሴንተሩ ስሄድ ነጩ በትሬ መሬት መንካቱን እንጃ። ያኔ ስክሪን ሪደራችን፣ ማለት ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም፣ ጃውስ ነበር። ፈቃዱ በዶላር የሚገዛ ስለሆነ እኛ የያዝነው የሙከራውን ነው፤ የሙከራው ደግሞ 40 ደቂቃ ያነብና ዝም ይላል፤ እንዲናገር ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ነው። የዘመኔ ልጆች ያችን 40 ደቂቃ ታውቋታላችሁ፤ ቡና እንኳ የምንጠጣው በእሷ ልክ ነበር። ወረፋ ጠብቄ ፍላሹን ሰካሁ። ባዶ ሰነድ። ነቅዬ ሰካሁ። ባዶ። ኮምፒውተር ቀየርኩ። ባዶ። እዚያው እየታገልኩ 40 ደቂቃዬ አለቀች።

ማታ የዶርም ጓደኛዬ አየውና፣ «ኧረ ሙሉ ነው፤ 112 ገጽ አለው» አለኝ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ሌሎቹ ሲተኙ እኛ ደረጃው ላይ እንቀመጣለን፤ እሱ ያነባል፣ እኔ በስልኬ እቀርጻለሁ። ሲርበው ቃል ይውጣል። እንቅልፍ ሲመጣበት አንዱን አንቀጽ ሁለቴ ያነበዋል። ሠንጠረዥ ሲደርስ «ይሄ ቁጥር ነው፣ ምንም የለውም» ብሎ ያልፈዋል። የግርጌ ማስታወሻ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት እንኳ ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ፈተናው መጣ። አንባቢዬ ሆነው የተመደቡት ሠራተኛ ሁለተኛውን ጥያቄ ጮክ ብለው አነበቡልኝ፦ «በሠንጠረዥ 3 መሠረት…»

ሠንጠረዥ 3!

ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ይጸጽተዋል። እዚህ አዳራሽ አለ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲስል ሰምቼዋለሁ። አይዞህ ወንድሜ፤ ጥፋቱ የአንተ አልነበረም። ለእኔ ያነበብከውን ያህል ለራስህ አላነበብክም፤ ውጤትህም ይመሰክራል። ለጉባኤው ግን አንድ ነገር ልናገር፦ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ዋናው ድጋፍ ሰጪ ቴክኖሎጂ የጓደኛ ጉሮሮ ነው። እኔ በሞላኋቸው መጠይቆች ውስጥ ግን ስለዚህ ጉሮሮ አንድም ጥያቄ አልነበረም።

መጠይቅ ካልኩ አይቀር። አንዱ አጥኚ የመጣው ወረቀት ይዞ ነው። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች፣ በወረቀት የታተመ መጠይቅ! ያው ጓደኛዬ አነበበልን፤ ምልክቱንም እሱ አደረገልን። ጥያቄ 9 «የብሬይል ማተሚያ ማሽን ምን ያህል ትጠቀማለህ?» ይላል፤ ምርጫው «ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ አልፎ አልፎ፣ በፍጹም» ነው። ማሽኑ ነበረን። በእርዳታ የመጣ፣ ላስቲኩ ያልተነሳለት። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ ባለ ቁልፉ ፈቃድ ላይ ናቸው፤ ከፈቃድ ሲመለሱም አብሮት የመጣው ሶፍትዌር የአማርኛ ፊደል አያውቅም። እኛ «ሱ» የምንላትን በብሬይል «ስ» እና አናባቢዋን ለየብቻ አድርገን በሁለት እንጽፋለን፤ ይህን ለማሽኑ የነገረው አልነበረም። «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት ተደረገ። ጥናቱ ሲወጣ፣ «ተማሪዎቹ ቴክኖሎጂ የመጠቀም ፍላጎታቸው ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ተጻፈ። ይህንንም ያነበበልኝ ጓደኛዬ ነው። እያነበበ ሲስቅ፣ እኔ አልሳቅሁም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት፣ ድጋፍ ሰጪ መሣሪያ ከሚያስፈልገው ሰው በአንዳንድ ድሃ አገሮች የሚያገኘው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በሀብታሞቹ ዘንድ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ምዕራፍ አንድ ላይ ጥቀሱት። ግን በዚያ አታቁሙ። መሣሪያውን ያገኘው ያ 3 በመቶ፣ በመሣሪያው ምን ያነባል? እዚህ ጋ ነው ጥናት የጠፋው።

ዛሬ መሣሪያው እንደ ድሮው አይደለም። ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን ሪደር በነፃ ይገኛል፤ 40 ደቂቃ የለ፣ ዶላር የለ። ብሬይልንም እ.ኤ.አ. በ1829 ለሕትመት ያበቃው የ20 ዓመቱ ሉዊ ብሬይል ራሱ ዓይነ ስውር ነበር። ልብ በሉልኝ፤ እነዚህን ሰዎች ማንም «ምላሽ ሰጪ 14» ብሏቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በጣቴ አላነብላችሁም ነበር።

ስለዚህ የሚጠናው ይህ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ ገብቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈው ግን አሁንም በየቢሮው አለ። ለዓይን «ሰላም» የሚመስለው፣ ከሥሩ የላቲን ፊደልና የምልክት ጉራማይሌ ነው፤ ስክሪን ሪደሩም ያንኑ ጉራማይሌ ይለፈልፍልኛል። የእናንተ መምሪያ የድሮ ሞጁሎች ስንቱ በዚያ ፎንት እንደተጻፈ የቆጠረ አለ? ለመቁጠር እኮ የውጭ እርዳታ አያስፈልግም። አንድ ተማሪ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ክረምት። ስካን የሆነውን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ፣ አማርኛ የሚያውቅ ነፃ ሶፍትዌርም አለ፤ ቴሰራክት ይባላል። በእኛ ደብዛዛ ፎቶ ኮፒ ላይ ከመቶው ፊደል ስንቱን ይስታል? ይህን ለክታችሁ ብትመጡ እኔ ነኝ አጨብጫቢው።

ድምፁም ቢሆን ብዙ ይቀረዋል። ነፃው የአማርኛ ድምፅ የብረት ድምፅ ነው፤ እሱን ለምደነዋል። ያስቸገረን መጥበቅና መላላቱ ነው። ፊደላችን አያሳየውም፤ እናንተ ከዐውዱ ታውቁታላችሁ። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይኖራል። «ዋና» መዋኘት ነው ወይስ ዋነኛ? አንድ ጊዜ የጤና ትምህርት ጽሑፍ ስሰማ «ሽፍታ ሰውነቱን ወረረው» አለኝ። ከቆዳ በሽታው ይልቅ ጠመንጃ የያዘው ሰውዬ ነው የመጣብኝ። ይህን ፈትቶ በትክክል የሚያነብ ድምፅ መሥራት የቋንቋ ትምህርት ክፍሉም፣ የኮምፒውተር ሳይንሱም፣ የእኛም ሥራ ነው። ሦስታችን በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን የምንገናኘው ካፌ ውስጥ ብቻ ነው።

«የቅጂ መብት አለበት» የሚለኝ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ደግሞ አይጠፋም። አገራችን የማራካሽን ስምምነት ከተቀበለች ቆየች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የስምምነቱ ሐሳብ፣ ሕትመት ማንበብ ለማይችል ሰው የሚነበብ ቅጂ ለማዘጋጀት የባለመብቱን በር ማንኳኳት እንዳያስፈልግ ነው። ፈቃዱ ከተገኘ ዓመታት አልፈዋል። የቀረው ሥራው ነው፤ ሥራውን ደግሞ ማኅተም አይሠራውም።

ደቂቃዬ አለቀች መሰለኝ፤ የአዘጋጁ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ሌሎቹን ሦስት አቅጣጫዎች ልጥቀሳቸውና ልውረድ። ሁለተኛው መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ጉዳይ ነው፤ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ቃላት በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጋራ ምልክት የማሰባሰብ ሥራ ይቀረናል፤ ይህን ግን ከእኔ ይልቅ የምልክት ቋንቋ ባለቤቶቹ ከሰዓት በኋላ ይነግሯችኋል፤ አስተርጓሚው ሲደክመው አሳርፉት። ሦስተኛው የመምህራን ሥልጠና ነው። የሁለት ሰዓት ሥልጠና ይበቃል፤ አንድን ጽሑፍ ስካን ሳያደርጉ መላክ ለመማር ሁለት ሰዓትም ይበዛል። አራተኛው በጀት ነው።

አሁን የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ዛሬና ነገ ጥናት የምታቀርቡ 11 ሰዎች እንደሆናችሁ ከመርሐ ግብሩ ተነቦልኛል። ወረቀቶቻችሁን በዎርድ፣ በዩኒኮድ ፊደል፣ ያለ ማኅተም እፈልጋቸዋለሁ። ሠንጠረዦቹም ፎቶ ሳይሆኑ እውነተኛ ሠንጠረዥ ይሁኑ። ጓደኛዬ ፍላሽ ይዟል። በሻይ ሰዓት እሱና እኔ በሩ አጠገብ ነን፤ ማታ ቤቴ ገብቼ እከፍታቸዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ስትመጡ ስንቱ ባዶ እንደሆነ እነግራችኋለሁ።